የቀጠሮው ሰሞን

ገቢሳ ዳባ አንድ ሰኞ ጠዋት ላንቻ ካለው ቤቱ የወጣው ሚስቱን ሰድቦ ነው። ምክንያቱ ሸሚዝ ነበር። ጦቢያ ሰማያዊውን ተኩሳ አስቀምጣለት ነበር፤ እሱ የፈለገው ነጩን ነው። “በዚህ ቤት አንድ ነገር እንኳን አስተካክሎ የሚሠራ ሰው የለም” ብሏት በሩን አጋጭቶ ሄደ።

ጦቢያ ሰማያዊውን ሸሚዝ መልሳ ሰቀለችው። ከገቢሳ ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ኖራለች። ባሏ በሸሚዝ የሚጣላ ሰው እንዳልሆነ ታውቃለች። ካላንደር ማየትም አላስፈለጋትም። ለባሏ የሆስፒታል ቀጠሮ አሥር ቀን ቀርቶ ነበር።

ጦቢያና እኔ ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው፤ በኋላ ደግሞ ከራሱ ከገቢሳ። “ጻፈው፤ የኔን ጥፋት ግን አታለሳልሰው” ያለኝም እሱ ነው። እኔም አላለሳለስኩትም።

ገቢሳ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ቡድን መሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ ስድስት ወር ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወሰደ። ጣቶቹ ደንዝዘው፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት፣ በሰው ተደግፎ ከአልጋው ተነሣ። ሐኪሞቹም “በሽታው አሁን አይታይም፤ ነገር ግን በየስድስት ወሩ እየመጣህ መታየት አለብህ” አሉት። ዘመድ ወዳጁ ከዚህ ንግግር የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ድኗል ተባለ፣ ተመስገን ተባለ፣ ነገሩ ተዘጋ።

ለገቢሳ ግን አልተዘጋም። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንቅልፉ ይሸሻል። ሆዱ ባጉረመረመ ቁጥር ይደነግጣል። ከኡራኤል እስከ ላንቻ ባሉት ፋርማሲዎች እየገባ ይመዘናል። አንዱ ሚዛን ሰባ አንድ ይለዋል፣ ሌላው ሰባ፤ ያችን የአንድ ኪሎ ልዩነት ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ይውላል። ስልኩ ላይ በሽታው ሲመለስ የሚያሳየውን ምልክት ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ ሁሉንም ራሱ ላይ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ለማንም አይናገርም። አፉ የሚከፈተው ስለ ሸሚዝ፣ ስለ ወጥ ጨው፣ ማን በሩን ሳይዘጋ እንደወጣ ለማውራት ነው።

ለምን አልተናገረም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሮ ነበር። በመጀመሪያው የክትትል ሰሞን ራት ላይ “ጦቢያ፣ ተመልሶ ቢሆንስ?” አላት። ጦቢያ ልትጎርስ ያነሣችውን መለሰች። “ሟርት አታውራ። እግዚአብሔር አድኖሃል፤ ተመስገን በል” አለችው። ነገሩ በዚያው ቆመ።

በሳምንቱ ደግሞ ለታላቅ ወንድሙ ሊነግረው ለገሃር ድረስ ሄደ። ኢተፋ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ቤተሰቡ ቃሉን የሚፈራው ሰው ነው። ገቢሳ ገና “ጋሼ፣ ሰሞኑን ፍርሃት ይዞኛል” ከማለቱ ኢተፋ እጁን አነሣበት።

“ስማ፣ ወንድ ልጅ ፍርሃቱን አያወራም። ያንን ነገር ስሙን በጠራኸው ቁጥር መንገድ እያሳየኸው ነው። ዝም ብለህ ሂድ፣ ዝም ብለህ ተመለስ። አበቃ።”

ከዚያ ወዲህ ካንሰር የሚለው ቃል ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ጠፋ። “ያ ነገር” ሆኖ ቀረ።

በሸሚዙ ጠብ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገቢሳ ቢሮው ሊገባ ሲል የሥራ ባልደረባው መድኃኒት ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። መድኃኒት በእሱ ቡድን ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ ናት። እሱ ኬሞ በሚወስድበት ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ሥራውን ከራሷ ሥራ ጋር ደርባ የሠራችው እሷ ነበረች። ተወልዳ ያደገችበት የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ ቤተሰቧ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ታረፍዳለች። ገቢሳ ይህን ያውቃል። ከሰው ሁሉ በኋላ እየወጣች እንደምታካክሰውም ያውቃል።

“ጋሽ ገቢሳ፣ እንደምን አደሩ? ትንሽ ከሱብኝ። ቀጠሮዎ ደረሰ መሰለኝ” አለችው። ከጎኗ ጉዳይ ሊያስጨርሱ የመጡ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር።

“ምን አየሽብኝ?”

“ኧረ ምንም፣ ማለቴ እንዲሁ አይዞዎት ልበል ብዬ ነው።”

“ሥራሽን ሥሪ” ብሏት ገባና በሩን ዘጋ። ቀበቶውን ፈትቶ የተጠቀመበትን ቀዳዳ አየ። መልሶ አሰረው፣ መልሶ ፈታው። “ከሱብኝ” የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ተቀመጠ። ሰውየው በዚያች ሰዓት ሞቱ በሰው ፊት የተነገረው ያህል ነው የተሰማው። ከሰዓት በኋላ የፊርማ መዝገቡን አስመጥቶ መድኃኒት ያረፈደችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ለቀመ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ ማኅተም አስመታበት፣ አንዱን ቅጂ የግል ማኅደሯ ውስጥ አስገባ፣ ሌላውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

መድኃኒት ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ገባች።

“ጋሽ ገቢሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ማንበብ አትችይም?”

“እችላለሁ። የእድገት ውድድሩ የፊታችን ሰኞ እንደሚዘጋም አውቃለሁ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ሰው እንደማይወዳደር ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

“እንግዲያው በሰዓቱ መግባት ነበረብሽ።”

“እኔ ብቻ ነኝ የማረፍደው? ከካዛንቺስ የተነሣ ሰው ሁሉ ያረፍዳል። ስንት ወር ዝም ብለው ዛሬ ምን አዩብኝ?”

“መድኃኒት፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ሰውነቴን የሚመረምር ሐኪም አልቀጠረም። ጨርሻለሁ።”

ያን ጊዜ ገባት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። “እርስዎ አልጋ ላይ ሳሉ ወንበርዎን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት ሥራ አስኪያጁ ድረስ ገብቼ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ” አለችው። “ዛሬ ተጸጸትኩ።”

 ገቢሳ ይህን ሰምቶም ወረቀቱን አልሳበውም። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፦ ሰውየው ፈርቶ ነበር፤ እውነት ነው። መድኃኒት ላይ የሠራው ግን ግፍ ነው። ፍርሃት የግፍን ስም አይቀይረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራው የሲፋን ሆነ። ሲፋን የገቢሳና የጦቢያ አንድ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ትማራለች። ሳሎን ተቀምጣ ከክፍል ጓደኛዋ ከጃለኔ ጋር በስልክ እያወራች ስትስቅ፣ ገቢሳ ከመኝታ ቤት ወጣ።

“እዚህ ቤት ሰው እንዳለ ረስተሻል? ገበያ አደረግሽው።”

ሲፋን ስልኳን ዘጋች። እናቷ ከኩሽና በዓይኗ ዝም በይ አለቻት። ልጅቷ ግን በዚያ ሳምንት ስለ ጫማ ማስቀመጫው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ፣ ስለ ፀጉሯ ተሰድባ ነበር።

“አባዬ፣ በቃ። ምን አጥፍተን ነው? በየስድስት ወሩ እኮ ትቀጣናለህ። አንተ ስትታመም አብረንህ ታመምን፤ አልከፋኝም። አሁን ግን አንተ ትመረመራለህ፣ እኛ እንታመማለን።”

“ምን አልሽ?”

“የሰማኸውን።”

“ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው።”

ጦቢያ እጇን እየጠረገች መጣች። “ሲፋን፣ ተዪው። ታውቂው የለ፣ ሰሞኑን እኮ…”

“ሰሞኑን ምን? ጨርሺው እማዬ። ምን እንደሆነ ስሙን ጥሪው።”

ጦቢያ ስሙን አልጠራችም። ሲፋን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ለገሃር ጃለኔ ቤት ገባች። ገቢሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሩን አየ። ልጄ ሆይ ተመለሺ ሊል ፈልጎ ነበር። ያወጣው ግን ሌላ ነው። “ያሳደግሻት አንቺ ነሽ” አላት ሚስቱን።

ሐሙስ ደረሰ። ጦቢያ አብሬህ ልሂድ ብትለው “ሕፃን ነኝ?” አላት። ልብሱን ለብሶ፣ የቀድሞ ውጤቶቹን የያዘውን ፋይል ታቅፎ ወጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ሊፈትሸው እጁን ዘረጋ። ገቢሳ እጁን ማንሣት አቃተው። ከውስጥ የዚያ ቤት ሽታ መጣበት፤ ወለሉ የሚታጠብበት መድኃኒት ሽታ፣ ኬሞ በወሰደ ቁጥር ያስመልሰው የነበረው። 

“ይገባሉ አይገቡም?” አለው ጥበቃው። ከኋላው ሰው ተሰልፏል።

አልገባም። ዞሮ በእግሩ ኡራኤል ደረሰና አንድ ካፌ ገባ። ያዘዘው ማኪያቶ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። ውጤቱን ሳልሰማ የምኖረውን ያህል ልኑር፤ ካለም ይኑር፣ ከሌለም ይቅር፤ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጠ። ከዚያ ፋይሉን ታቅፎ ቤቱ ገባ።

ጦቢያ በሩ ላይ ጠበቀችው። ከአፉ የሚወጣውን ለመስማት ቸኩላ ሰላም እንኳን አላለችውም።

“ንጹህ ነው አሉ” አላት።

“ዛሬውኑ? ሌላ ጊዜ ሦስት አራት ቀን ይቆይ የለ?”

“ዘንድሮ ማሽኑ ፈጣን ነው።”

ጦቢያ እልል አለች። ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች ወጥተው አብረዋት እልል አሉ። ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ገቢሳ ከላይ ሆኖ ጀርባዋን አየ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ያ እልልታ ከሆስፒታሉ በር የበለጠ አስፈራው።

ቅዳሜ ጦቢያ ለምስጋና ምሳ ጠራች። ኢተፋ ከለገሃር መጣ፣ ሌሎች ጥቂት ዘመዶችም ተሰበሰቡ። ሲፋን አልመጣችም። ምግቡ ገና ሳይቀርብ የጦቢያ ስልክ ጮኸ። በሽንኩርት እጇ አነሣችው። የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ቢፍቱ ነበረች፤ ገቢሳ ታሞ ሳለ አስታማሚ ተብሎ የተመዘገበው የጦቢያ ቁጥር ነው።

“አቶ ገቢሳ ሐሙስ አልመጡም። በሰላም ነው? ማክሰኞ ካልመጡ የሲቲ ስካን ተራቸው ለሌላ ሰው ይሰጣል” አለቻት።

ጦቢያ አመስግና ዘጋች። እጇን ታጠበች። ሳሎን ገብታ እንግዶቹ መሐል ቆመች።

“ሐሙስ የት ነበርክ?”

ገቢሳ ፊቷን አይቶ ሁሉ ነገር እንዳለቀ አወቀ። ግን አንድ ጊዜ ሞከረ። “ሆስፒታል ነዋ።”

“ሲስተር ቢፍቱ ደወለች።”

 የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ኢተፋ ነው።

“እስቲ ተዪው፣ ሰው በተሰበሰበበት። ደግሞስ ምን ያስኬደዋል? ሰውየው ድኗል። የፈለገ ያገኛል፤ ያልፈለገ በሰላም ይኖራል።”

“ጋሼ፣ እርስዎ ይቆዩ” አለች ጦቢያ። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ኢተፋን እንዲህ ብላው አታውቅም። ወደ ባሏ ዞረች። “በሸሚዝ ሰደብከኝ፣ ቻልኩ። ልጄን ከቤት አስወጣህ፣ ቻልኩ። ያን ሁሉ የቻልኩት ሄዶ ይመለሳል፣ ያልፋል ብዬ ነው። አንተ የትም ውለህ መጥተህ እልል አስባልከኝ? መሬት አሳምከኝ?”

“ምን ልበላችሁ ነበር?” ገቢሳ ጮኸ። “ፈራሁ ስል ሟርተኛ ትሉኛላችሁ። ዝም ስል አኮረፈ ትሉኛላችሁ። ድነሃል ድነሃል ትሉኛላችሁ፤ ማን ነገራችሁ? ማን አየልኝ ውስጤን? ሦስት ዓመት አፌን ዘግታችሁ ዛሬ ለምን አልተናገርክም ትሉኛላችሁ?”

እንግዶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን፣ ኮታቸውን እያነሡ ወጡ። ኢተፋ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ። የሚወጡትን አላያቸውም፤ ወለሉን ነበር የሚያየው።

ጦቢያ ወንበር ሳበችና ባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድምፅዋ ወረደ።

“ካንሰር” አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። “ካንሰሩ ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ። አንተ ሽንት ቤት በቆየህ ቁጥር በሩ ጋ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስለ አንተ ሊነግሩኝ ነው እላለሁ። ሟርት አታውራ ያልኩህ ለአንተ ብዬ አልነበረም። እኔ መስማት ስላልቻልኩ ነው።”

ገቢሳ “በሩ ላይ እጄን ማንሣት አቃተኝ” አለ። “ጥበቃው እንዲፈትሸኝ እጄን ማንሣት።”

ተቃቅፈው አልተላቀሱም። ጦቢያ ገና አልበረደላትም። ያልተነካውን ሳህን ማንሣት ጀመረች፤ ወደ እሱ ሳትዞርም “ማክሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ” አለችው።

በማግስቱ እሑድ ገቢሳ ለገሃር ሄዶ ጃለኔ ቤት በር ላይ ቆመ። ሲፋን ወጣች እንጂ ግባ አላለችውም። “ልጄ፣ ፈርቼ ነው” አላት። “ፈርቼ ስለሆነ ግን የተናገርኩሽን አልተናገርኩም ማለት አይደለም።” ሲፋን ግድግዳውን ተደገፈች። “እኔም እፈራለሁ እኮ አባዬ። እንዳልጠይቅህ ግን ትጮህብኛለህ” አለችው። የዚያን ቀን አብራው አልተመለሰችም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከሁለቱም ቀድማ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ተገኘች።

ሲስተር ቢፍቱ በደስታ አልተቀበለቻቸውም።

“አቶ ገቢሳ፣ ሐሙስ እርስዎን ስንጠብቅ አንድ ከጅማ የመጡ አባት ተራ አጥተው ተመለሱ። መቅረት መብትዎ ነው። ሳይናገሩ መቅረት ግን የሌላ ሰው ቦታ መዝጋት ነው።”

ገቢሳ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። “ፈርቼ ነው” አለ። ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ይህን ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። “እሱን ደውለው ቢነግሩኝ አልቆጣም ነበር። እዚህ ለክትትል ከሚመጣው ሰው ስንቱ በቀጠሮው ሰሞን እንቅልፍ እንደሚያጣ ያውቃሉ? ደህና ነህ ከተባለ አምስት ዓመት የሆነው ሰው አሁንም እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም። ሊቀንስ ግን ይችላል።”

“በምን? እኔ ሰውነቴ እየቀነሰ ይመስለኛል፤ ትናንት ብቻ አራት ፋርማሲ ተመዝኛለሁ።”

“ይተዉት። አራት ሚዛን አራት ጭንቀት ነው፤ እዚህ በአንዱ እንመዝንዎታለን። ስልኩ ላይ የሚያነቡትንም ይተዉ፤ የሚያስጨንቅዎትን ነገር በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያምጡለት። ቀጠሮዎን የጠዋት እናደርገዋለን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስቡ እንዳይውሉ። በእግር መሄድ ይወዳሉ?”

“እወዳለሁ።”

“ይሂዱ። ሥራዎንም አይተዉ። እንቅልፍና እህል ከከለከለዎት ግን ችዬው እኖራለሁ አይበሉ፤ ለጭንቀትም ሕክምና አለ፣ እኛው እንልክዎታለን። ብቻዎን ደግሞ ሁለተኛ እንዳይመጡ።” ወደ ጦቢያ ዞረች። “እርስዎም እናቴ፣ ሲፈራ ‘ምንም የለም’ አይበሉት። እርስዎ አያውቁም፤ እኛም ገና አላወቅንም። ይስሙት፣ አብሬህ አለሁ ይበሉት። ከዚያ በላይ አይጠበቅብዎትም።”

ደሙ ተቀዳ፣ ሲቲ ስካኑ ተነሣ። ውጤቱ የሚደርሰው አርብ ነበር። እነዚያ ሦስት ቀናት ቀላል አልነበሩም። ረቡዕ ገቢሳ ስለ ወጥ ጨው ድምፁን ከፍ አደረገ። ማክሰኞ አብራቸው ወደ ቤት የተመለሰችው ሲፋን “አባዬ፣ ጨው ነው ወይስ አርብ ነው?” አለችው። ተቆጣ፣ ከዚያ “አርብ ነው” አለ። ምሳውን በላ።

አርብ ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ምንም የሚያሳስብ ነገር እንዳላየ ነገራቸው። ለሚቀጥለው ስድስት ወር ቀጠሮ ሰጠ። “ወንድም እህት ካለህ ደግሞ እነሱም የአንጀት ምርመራ እንዲያደርጉ ንገራቸው፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ካሉ” አለው። ጦቢያ በዚህ ጊዜ እልል አላለችም። የባሏን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ሰኞ ገቢሳ ቢሮ ሲገባ የእድገት ውድድሩ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። መደቡ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ገቢሳ መድኃኒትን ጠርቶ አቆማት ማለት አልችልም፤ እሱ ነው ጠረጴዛዋ ጋ ሄዶ የቆመው።

“ያንን ወረቀት የጻፍኩት ስላረፈድሽ አይደለም” አላት። “ከሱብኝ ስላልሽኝ ነው። ሞቴን የነገርሽኝ መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።”

መድኃኒት ቀና ብላ አየችው። “ውጤትዎ ምን ሆነ?”

“ደህና ነው አሉ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ከልቤ ነው።” መልሳ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች። “ይቅርታውን ግን ዛሬ አልቀበልዎትም ጋሽ ገቢሳ። እኔ አራት ዓመት የጠበቅኩት ቦታ ነበር።”

ገቢሳ ያን ቀን ለሥራ አመራሩ ደብዳቤ ጻፈ። ማስጠንቀቂያው በግል ቁጣ የተጻፈ እንደነበረ፣ ሠራተኛዋ እንዳላጠፋች፣ ከማኅደሯ እንዲወጣ ጠየቀ። ወጣ። በፈንታው እሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበትና ፈረመበት። መደቡ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ መድኃኒትና ገቢሳ አንድ ቢሮ ይሠራሉ፤ እሷ ሰላምታውን ትመልሳለች፣ ከዚያ አልፋ አታወራውም። የምርመራው ውጤት ንጹህ ስለሆነ ሁሉ ነገር ንጹህ አልሆነም።

ገቢሳ የሐኪሙን ምክር ለኢተፋ በስልክ ነገረው። ኢተፋ “እኔን ተወኝ” ብሎ ዘጋበት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ራሱ ደወለ።

“ና እስቲ” አለው። 

ገቢሳ ለገሃር ሲደርስ ኢተፋ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱን ገበያ ልኳታል። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ተናገረ። ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሲጸዳዳ ደም ያያል። ኪንታሮት ነው ብሎ ራሱን ሲያታልል ከርሟል። ያን ቅዳሜ የፈለገ ያገኛል ሲል፣ ስለ ገቢሳ አልነበረም የሚያወራው።

ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ ኢተፋ መንገዱን ሙሉ ተሳደበ። ታክሲው ውስጥ ረዳቱን “ቀስ ብለህ ዝጋ” ብሎ ተጣላው። ከጎኑ የተቀመጠችውን ሴት ገፋሽኝ አላት። ገቢሳን ደግሞ “አንተ ነህ ይሄን ነገር ወደ ቤታችን ያመጣኸው፤ ሳይወራ በፊት ደህና ነበርኩ” አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገቢሳ ከታክሲው ይወርድ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል፤ ከራሱ አፍ ሲወጣ ሰምቶታል። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀለት። ለወንድሙም “ጋሼ፣ በኔ ላይ የፈለግከውን በል። በሰው ላይ ግን አታውጣው፤ በኋላ አይመለስም” አለው።

ካርድ ክፍሉ ጋ ሲሰለፉ ኢተፋ ስድቡን ተወ።  ገቢሳ አይዞህ ምንም የለም አላለውም።

“ፈራህ?” አለው።

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቃሉን የሚፈራው ሰው፣ ጣራውን አየ፣ ወለሉን አየ።

“ፈራሁ” አለ።

“አብሬህ አለሁ። ተራችን ሲደርስ አብረን እንገባለን።”

ገቡ። በኢተፋ አንጀት ውስጥ የተገኘው የካንሰር ዕጢ ነበር፤ ሐኪሞቹ ገና ስላልተስፋፋ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አሉ፣ ወጣም። ሌላ ስድስት ወር ቢደብቀው ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር እኔ አልናገርም፤ ሐኪሙ ራሱ ነግሮታል።

እናንተም ቤት ከእንዲህ ያለ ሕመም የተነሣ ሰው ሊኖር ይችላል። የመጨረሻው መርፌ ከተወጋለት ቀን በኋላ ሁሉ ነገር እንዳበቃ አትቁጠሩ፤ ለእሱ በየቀጠሮው እንደገና ይጀምራል። ፈራሁ ሲላችሁ ሟርት አትበሉት፣ እምነት የለህም አትበሉት፤ ተቀምጣችሁ ስሙት፣ በቀጠሮው ቀንም አብራችሁት ሂዱ። የተረፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ መፍራታችሁ አያሳፍርም። ከቤተሰባችሁ ለአንድ ሰው ፍርሃታችሁን ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት፤ ቀጠሯችሁንም አትለፉት። ያልተናገራችሁት ፍርሃት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ፈልጎ ይቀጣል። ምርመራው ንጹህ ሆኖ ስትመለሱም ያ ሰው የተቀጣውን ይዞ ይጠብቃችኋል።